የማይታየውን እሳት መለካት

ክረምት ላይ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ድንበሩን ሲሻገር ስሙ ራሃድ ይሆናል። በጋው ሲጠና ያው ወንዝ መፍሰሱን ያቆምና አሸዋው ላይ እዚህም እዚያም የተኛ ኩሬ ብቻ ይቀራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመተማ ቆላ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ኩሬዎቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ዓሣውም በየኩሬው ተጠራቅሞ ይታገታል። ውሃው ባነሰ ቁጥር ማጥመዱ ይቀልላል።

የሽንፋ ሰው ይህን ብልሃት የተማረው ትናንት አይደለም። ሽንፋ መተማ 1 በሚባለው የቁፋሮ ቦታ የተገኘው ማስረጃ እንደሚያሳየው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰዎች ዓሣ ያጠምዱ፣ የሰጎን እንቁላል ይሰበስቡ፣ አውሬ አድነው በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር። ከድንጋይ የጠረቧቸው ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የሚመራው፣ ሙሉጌታ ፍስሐን፣ አጋዚ ነጋሽንና አበበ ጌታሁንን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ውጤቱን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት አሳተመ። ዜናው ዓለምን ያዳረሰው ግን በጣም ደቃቅ በሆነ ነገር ነው። ከቁፋሮው አፈር ውስጥ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የብርጭቆ ፍንጣሪዎች ተለቅመው ወጡ፤ ኬሚካዊ ስሪታቸው ሲመረመርም በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አመድ ሆነው ተገኙ።

ከፍንዳታው በኋላ በተከማቸው አፈር ውስጥ የዓሣ አጥንት ድርሻ ከፍ ይላል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ የቀረው የኦክስጅን አይሶቶፕ ደግሞ አየሩ መድረቁን ይመሰክራል። ቶባ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ሽንፋ ዳር የነበሩት ሰዎች ግን ድርቁን ዓሣ እየበሉ አልፈውታል።

ታዲያ 74,000 የሚለውን ቁጥር ማን ቆጠረው? አመዱ የቶባ መሆኑን የነገረን ኬሚስትሪው ነው። የቶባ ዕድሜ ራሱ የተለካው ግን ሌላ ቦታ ከተሰበሰቡ የዚያው ፍንዳታ ክሪስታሎች ሲሆን፣ ልኬቱ በኒውክሌር ሪአክተር በኩል ያልፋል። ወደዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚያስገባን በርም ይኸው ነው።

በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ከፖታሺየም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ፖታሺየም 40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው፤ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ይለወጣል፣ ከሚለወጠው አሥር በመቶ ያህሉም አርጎን 40 የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው ግን ክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይከማቻል። ስለዚህ የአርጎኑና የፖታሺየሙ ምጣኔ የዕድሜ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ክሬግ ሜሪሁና ግሬንቪል ተርነር ያስተዋወቁት ዘዴ ብልሃቱን አንድ እርምጃ አራመደው። ክሪስታሉ ሪአክተር ውስጥ ገብቶ በፈጣን ኒውትሮኖች ሲደበደብ ተራው ፖታሺየም 39 ወደ አርጎን 39 ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ፖታሺየሙን በሌላ መሣሪያ ለብቻው መለካት አያስፈልግም፤ ሁለቱም መልሶች ከአንዲት ቅንጣት፣ በአንድ ጊዜ፣ በጋዝ መልክ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ግን አስቸጋሪ ጥያቄ አለ። ስሌቱ እንዲሠራ ክሪስታሉ ሪአክተሩ ውስጥ በተቀመጠበት በዚያች ነጥብ ላይ ስንት ኒውትሮን እንዳለፈ ማወቅ ግድ ነው። የኒውትሮኑ ፍሰት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መሃል ላይ ይበረታል፣ ወደ ዳር ይሳሳል፣ መቆጣጠሪያ ዘንግ አጠገብ ይጎድላል። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ ዕድሜያቸው ቀድሞ በሚገባ የታወቀ ክሪስታሎችን፣ ለምሳሌ ከኮሎራዶ የሚመጣውንና 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለውን የፊሽ ካንየን ሳኒዲን፣ በናሙናዎቹ መካከል ጣል ጣል ያደርጋሉ። ከእነዚህ ጥቂት ነጥቦች ተነስተው በመካከል ያለውን ይገምታሉ። ግምቱ አንድ በመቶ ከተሳሳተ የቶባ ዕድሜ በ740 ዓመት ገደማ ይዛባል። በሉሲ ዕድሜ ላይ ያው አንድ በመቶ ከ31,000 ዓመት በላይ ነው።

ሉሲን ያነሳሁት በምክንያት ነው። 3.18 ሚሊዮን የሚለው የሉሲ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው በዚሁ በአርጎን ዘዴ ነው። የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 195,000 ዓመት የተባሉት፣ በ2022 ደግሞ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ተያይዘው ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ ያሉት በዚሁ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ እስካሁን አንድም ሪአክተር የላትም። የምንኮራባቸው ጥንታዊ ቀኖች ግን የሌሎችን ሪአክተሮች እምብርት አልፈው የተመለሱ ናቸው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ሉሲን ሲያጠኑ ይህንንም ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

አሁን ጉዳዩ ወደ ራሳችን ደጃፍ እየቀረበ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኒውክሌር ኃይልን ከቀጣዮቹ ትልልቅ ዕቅዶች መካከል ጠሩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሞስኮ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዲዮን ጢሞቴዎስና የሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት የሮሳቶም ዋና ዳይሬክተር አሌክሴይ ሊካቾቭ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክትን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ፈረሙ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. በሶቺ የመንግሥታት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በአፍሪካ ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የኒውክሌር ጣቢያ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ብቻ ነው፤ ግብፅ ኤል ዳባ ላይ በሮሳቶም አራት ሪአክተሮችን እየገነባች ነው።

ግብፅ የምትተክለው ቪቪኢአር 1200 የሚባለው ዓይነት ነው። እምብርቱ 163 የነዳጅ ጥቅሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ጥቅል 312 የነዳጅ ዘንጎች ይይዛል። ተባዝቶ ከ50,000 በላይ ዘንግ ነው። በየዘንጉ ውስጥ የተደረደሩት የዩራኒየም እንክብሎች መሃላቸው ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዙሪያቸው የሚሮጠው ውሃ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሶም የማይፈላው ከከባቢ አየር ግፊት ከ150 እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ተጨቁኖ ስለሚያዝ ነው። በየዘንጉ፣ በየእንክብሉ መለኪያ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሙቀቱና ጨረሩም መሣሪያውን ራሱን ይጎዳል። ኦፕሬተሩ እንደዚያ ክሪስታል ለኪ ጥቂት ነጥቦችን ያነብባል፣ የቀረውን በስሌት ይደርስበታል።

ስሌቱ ቀላል አይደለም። የኒውትሮንን ጉዞ የሚገልጸው እኩልታ ሰባት ተለዋዋጮች አሉት፦ ሦስቱ ቦታ፣ ሁለቱ አቅጣጫ፣ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ጊዜ። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስታኒስላቭ ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን ሎስ አላሞስ ላይ ያበጁት የሞንቴ ካርሎ ዘዴ መፍትሔውን በዕጣ ይፈልገዋል። እጅግ ብዙ ኒውትሮኖችን አንድ በአንድ እየለቀቀ፣ የት እንደተጋጩ፣ የት እንደተዋጡ፣ የት ዩራኒየም እንደሰነጠቁ እየመዘገበ ይደምራል። ውጤቱ የታመነ ነው፤ ዋጋው ግን ጊዜ ነው። ለሙሉ እምብርት ዝርዝር ስሌት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ለረጅም ሰዓት ይታሠራሉ። ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ይህን ይታገሠዋል። አንድ ነገር እየተበላሸ ሳለ በመቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ መልስ ለሚጠብቅ ሰው ግን አይሆንም።

ሳይንሳዊ ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ዘርፍ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ተራው ማሽን ለርኒንግ ብዙ ምሳሌ አይቶ ዝምድናን ይማራል፤ ፎቶ ይለያል፣ ድምፅ ይተረጉማል። የዓለምን ሕግ ማወቅ አይጠበቅበትም። ለሪአክተር ይህ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሊማርበት የሚገባው ምሳሌ በደጉ ጊዜ የለም። ከባድ አደጋ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ሆኖም ይቅር። የጤናማ ቀናት መዝገብ ብቻ ያጠና ማሽን በክፉው ቀን ምን እንደሚያደርግ ማንም ዋስ አይሆንለትም። ሳይንሳዊው ዘርፍ ስለዚህ መረጃውን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አጣምሮ ያስተምራል።

ነገሩን የሽንፋና የመተማ ሰሊጥ አምራች ያውቀዋል ባይ ነኝ። ሰሊጥ ቀድሞ ከታጨደ ፍሬው አይሞላም፤ ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ገበሬው ሰፊውን ማሳ ተክል በተክል አይፈትሽም። ዳር ላይ፣ መሃል ላይ፣ ጎድጎድ ባለው ቦታ ጥቂት ተክሎችን ያያል፤ ውሃ የሚተኛበትን፣ አፈሩ የሚሳሳበትን ስለሚያውቅ ካየው ተነስቶ ያላየውን ይፈርዳል። ልጁ እነዚያኑ ተክሎች ቢያይም መሬቱን ካላወቀ ያው ፍርድ ላይ አይደርስም።

በኮምፒውተር ቋንቋ ይህን በደንብ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ማዚያር ራይሲ፣ ፓሪስ ፐርዲካሪስና ጆርጅ ካርኒያዳኪስ ያሳተሙት ሥራ ነው። ኒውራል ኔትወርኩ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማረው የኮምፒውተር ሞዴል፣ አንድ መልስ ሲያቀርብ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው፣ በተለኩት ነጥቦች ላይ ከመለኪያው ጋር ይስማማል ወይ? ሁለተኛው፣ ባልተለኩት ነጥቦች ሁሉ የኒውትሮን ሚዛንን፣ የሙቀትን፣ የውሃን እኩልታ ያከብራል ወይ? ከሁለቱም የተገኘው ስህተት ተደምሮ ይቀጣዋል፤ እየተቀጣ ይታረማል። እኩልታው እንደ መምህር ሆኖ መረጃ በሌለበት ቦታ ሁሉ ይቆማል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ከባዱን ስሌት አስቀድሞ ብዙ ጊዜ አስልቶ ውጤቱን ለኔትወርክ ማስተማር ነው። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ተተኪ ሆኖ ለአዲስ ሁኔታ መልሱን ወዲያው ይሰጣል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሰይድ ባሃውዲን አላም የሚመራው ቡድን በዚህ መንገድ ምናባዊ ሴንሰር ሠርቷል፤ እውነተኛ መለኪያ ሊገባበት በማይችል የሪአክተር ቧንቧ ውስጥ ያለውን የውሃ ፍጥነት፣ ግፊትና ብጥብጥ ከዳር ካለው መረጃ ያወጣል። ከተለመደው የፈሳሽ ስሌት 1,400 እጥፍ እንደሚፈጥን ዘግበዋል።

ይህ ፍጥነት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ወደ እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979፣ ወደ ፔንሲልቬንያው ስሪ ማይል አይላንድ ሁለተኛ ዩኒት እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ውሃ የሚመግቡ ፓምፖች ቆሙ፤ ግፊቱ ወጣ፤ ማስተንፈሻው ቫልቭ እንደተሠራበት ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፣ ግን ተከፍቶ ተቸነከረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ገበታ ላይ ያለው መብራት ጠፋ፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያሳየው ግን ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መሄዱን ብቻ ነበር፤ የቫልቩን አቋም አይናገርም። በላዩ ሌላ መለኪያ በግፊት ማስተካከያው ታንክ ውስጥ ውሃ እየሞላ መሆኑን ያመለክት ነበር። ሲስተሙ ከመጠን በላይ ሞላ ብለው ስለፈሩ የድንገተኛውን ውሃ ቀነሱት። እምብርቱ ግን እየተራቆተ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ውሃው በዚያ ቫልቭ ሲወጣ ቆየ፤ የእምብርቱ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ዙሪያቸውን ማንቂያ ደወል እየጮኸ፣ የተሰጣቸውን ምልክት አንብበው በሠለጠኑበት መንገድ ፈረዱ። ያጡት ነገር የገባውንና የወጣውን ውሃ፣ ግፊቱንና ሙቀቱን በአንድ ላይ ይዞ «እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርስ አይታረቁም፤ ውሃው በሆነ በኩል እየወጣ ነው» የሚል አጋዥ ነው። የውሃ ክምችት ሕግ ያን ሌሊትም ይሠራ ነበር፤ በሚያስፈልገው ፍጥነት የሚያሰላው ግን አልነበረም። ሳይንሳዊ ማሽን ለርኒንግ ለኒውክሌር የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል። ኦፕሬተሩን ከወንበሩ አስነስቶ በቦታው የሚቀመጥ ማሽን አልመኝም። አጠገቡ ተቀምጦ መለኪያዎቹን ከሕጉ ጋር የሚያስታርቅ፣ ሳይታረቁ ሲቀሩም የሚናገር ማሽን ግን ቢኖር እላለሁ።

ድክመቱንም ሳልደብቅ ልናገር። ሪአክተርን መቆጣጠር የተቻለው ኒውትሮኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይወለዱ ነው። ከዩራኒየም 235 መሰንጠቅ የሚወጡት አብዛኞቹ በቅጽበት ይወጣሉ፤ 0.65 በመቶ ያህሉ ግን ዘግይተው ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ አንድ ደቂቃ ያህል። ያቺ ከአንድ በመቶ ያነሰች ዘገምተኛ ድርሻ ባትኖር ኖሮ የትኛውም እጅ፣ የትኛውም ዘንግ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ለኒውራል ኔትወርክ ግን ይህ በረከት ራሱ ፈተና ነው። በአንድ እኩልታ ውስጥ ከሺኛ ሰከንድ ያነሰና በደቂቃ የሚቆጠር ነገር አብረው ሲኖሩ ስልጠናው ይደናቀፋል፤ ኔትወርኩ አንዱን ተከትሎ ሌላውን ይስታል። መፍትሔ እየተፈለገለት ነው፣ ነገር ግን የተዘጋ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ተተኪ ሞዴል በሠለጠነበት ክልል ውስጥ ድንቅ ነው፤ ከክልሉ ሲወጣ ግን በዚያው ልበ ሙሉነት ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ቼርኖቤል የፈነዳው ሪአክተሩ ከተለመደው አሠራሩ ውጭ፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ ኒውትሮን በሚውጠው ዜኖን 135 ተመርዞ ሳለ ነው። በጤናማ አሠራር ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ያን ዓይነት ሁኔታ ቢገጥመው የማያውቀው ቦታ ላይ መሆኑን መናገር መቻል አለበት። «መልሴ ይህ ነው» ከሚል ማሽን «መልሴ ይህ ነው፣ እርግጠኛነቴ ግን ይህን ያህል ነው» የሚል ይሻላል። ያን የማይል ማሽን፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይራቅ።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ይህን ተረድተዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኒውክሌር ሥራ ላይ ስለሚኖረው ቦታ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። የአሜሪካው የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን በ2023 የአምስት ዓመት ስትራቴጂ አሳተመ፤ በ2024 የአሜሪካ፣ የካናዳና የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች ጥንቃቄዎቹን በጋራ ዘረዘሩ። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው ከተመሠረተበት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ የጨረርና የኒውክሌር ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1025/2009 አላት። ጎደሎው ሰነድ አይደለም፤ ሰነዱን ይዞ ከሻጩ ኩባንያ መሐንዲስ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሪአክተር የሚገዛ አገር አብሮት ሶፍትዌሩንም ይገዛል። ሞዴሉ በምን መረጃ ሠለጠነ? ውጤቱ ከየትኛው ነጻ ስሌት ጋር ተመሳከረ? ከክልሉ ሲወጣ በምን ያስታውቃል? እነዚህን በራሱ የሚፈትሽ ባለሙያ ከሌለን የምንቀበለው የሌላ ሰው እምነት ነው። ይህ ያሳስበኛል።

ሽንፋ ራሷ ለሪአክተር የምትሆን አይደለችም፤ በበጋ በኩሬ የሚቀር ወንዝ ትልቅ ጣቢያን አያቀዘቅዝም። ኤሌክትሪኩ ግን አካባቢውን ይመለከተዋል። ከጎንደር ተነስቶ በሸህዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በዚሁ ቆላ ላይ ያልፋል። ወደፊት በማንኛውም የአገሪቱ ጥግ የሚመነጭ ኃይል የሚጓዘው በእንዲህ ዓይነት መስመር ነው። ስለዚህ የሪአክተሩ ደኅንነት ጉዳይ ለአዲስ አበባ ብቻ የሚተው አይደለም።

የሚያጽናናኝ፣ ባለሙያውን ለማፍራት ሪአክተሩ እስኪመጣ መጠበቅ አለማስፈለጉ ነው። በኤምአይቲ ተጀምሮ ዛሬ በነጻ የሚገኘው ኦፕንኤምሲ የተባለ ሶፍትዌር የሞንቴ ካርሎን ስሌት በግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የኦኢሲዲ የኒውክሌር ኃይል ኤጀንሲ ሲ5ጂ7 የሚባለውን መፈተኛ ከነመልሱ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ያለ ተማሪ ከዚህም ባነሰ መጀመር ይችላል። ኒውትሮን የሚራባበት አንድ ጠፍጣፋ ግድግዳ ያስብ፤ የሥርጭት እኩልታው መፍትሔ በወረቀት የሚሠራ፣ መሃሉ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ዳር የሚወርድ የኮሳይን ቅርጽ ነው። አምስት ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አንዱን ኔትወርክ በመረጃ ብቻ፣ ሌላውን ከእኩልታው ጋር ያሠልጥን። ሁለቱን ከወረቀቱ መልስ ጋር ያስተያይ። ቀጥሎ ግድግዳውን በስልጠናው ከታየው ውፍረት አሳልፎ ያወፍርና፣ እያንዳንዱ ኔትወርክ ከየት ጀምሮ መሳሳት እንደጀመረ፣ መሳሳቱንም አስቀድሞ ተናግሮ እንደሆነ ይመዝግብ።